አጎቴን አንደኛ ያወጣው ፕሮግራም

ኮምፒውተር እፈራለሁ። ይህን የምለው በኮምፒውተር ሳይንስ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ በዚሁ ሙያ ለዓመታት ደሞዝ የበላሁ ሰው ሆኜ ነው። ይገርማችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ከማያውቀው ሰው ይልቅ የሚያውቀው ነው የሚፈራው፤ የት ቦታ እንደሚነክስ ያውቃላ! ደግሞም ፍርሃቱ አብሮኝ የተወለደ አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ፣ በዚያ ቢፒአር በሚባለው የአሠራር ለውጥ ዘመን፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት የያዘኝ ነው። እስቲ ተመቻቹና ላውጋችሁ። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ላብ ላብ ስለሚለኝ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያላችሁ ብትከፍቱልኝ ደስ ይለኛል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ሥራው ውሃ ነበር፤ የግል ቧንቧ እንዲገባለት ያመለከተውን ሰው ይመዘግባል፣ ቆጣሪ ሲመጣ በተራው ያስገባለታል። ቆጣሪው ስለማይመጣ ግን ዋናው ሥራችን መመዝገቡ ነበር። ለዚህም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ ያሳያል፣ ማውስ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያንጓራል። ፕሮግራሙን የጻፉልን መምህር ተካ የሚባሉ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ በአንድ ክረምት፣ በነጻ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስም ትጽፍለታለህ፣ ቀደም ብለው ከተጻፉት ሥር ያስቀምጠዋል። በቃ። ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፣ ስልክ የለው። መቶ አርባ ሦስት ስም ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል፤ ቀድሞ የመጣ ከላይ፣ ቆይቶ የመጣ ከታች። ተራው ማለት ራሱ ሰልፉ ነበር። ይህን ማንም ያስተውለዋል። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ፣ አላስተዋልኩትም።

ታዲያ ሥራ አስኪያጃችን ሐዋሳ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሄደና አንድ ቦርሳና አንድ ቃል ይዞ ተመለሰ። ቃሉ «ነባር ሲስተም» የሚል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ወፍጮ ኮምፒውተር የመሥሪያ ቤቱ ጠላት ሆነች። ሻይ ቤቱ ሻይ ሲያዘገይ እንኳ «ይኼ የነባር ሲስተም አስተሳሰብ ነው» ይል ጀመር። በሳምንቱ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁለቱ ሥልጠና ላይ ነበሩ፣ አንዷ በወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች፣ አንዱ ደብዳቤው ሳይደርሰው ተዛወረ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ «የነባር ሲስተም ማዘመን ፕሮጀክት አስተባባሪ» በሚል ማዕረግ፣ ከነማኅተሙ። ራሴን ስብሰባ እየጠራሁ፣ ለራሴ አስተያየት እየሰጠሁ፣ ቃለ ጉባኤውን እኔው ፈርሜ እኔው አጸድቅ ነበር። በግምገማው ላይ እንኳን አንድም የሐሳብ ልዩነት አልታየም።

አዲሱ ፕሮግራም ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር በሲዲ መጣልን። ሲያምር! ሰማያዊ አለው፣ ቢጫ አለው፣ የደንበኛው ፎቶ የሚገባበት ቦታ አለው። መቶ አርባ ሦስቱን ስሞች ከአሮጌው ላይ እያነበብኩ በሚያምር ፊደል ለሦስት ቀን ተየብኳቸው። ስጨርስ ስሞቹ የተዘበራረቁ መሰሉኝ። እመሐል ላይ ተስፋዬ፣ መሐመድ ከሥሩ፣ አስቴር ከዚያ። እኔ ደግሞ ሥርዓት ያለው ነገር ነፍሴ ነው፤ ካልሲዬን እንኳን በቀለም ነው የምደረድረው። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለችውን አንዲት ነገር ነካሁና ስሞቹ ሁሉ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ክትት አሉ። እንዴት እንዳማሩ! አስቀመጥኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ይህን ያህሉ ስህተት ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን «የአሮጌው አሠራር ስንብት» የሚል ዝግጅት አዘጋጀ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ፣ ለስላሳ መጠጥ ቀረበ። ንግግር ተደረገና «ነባሩ ሲስተም ዳግም ላይመለስ እዚሁ በፊታችሁ ይሰረዛል!» ተባለ። ተጨበጨበ። እኔም በጭብጨባው ሞቅ ብሎኝ ተጫንኩት። ተሰረዘ። ቅጂው በአንድ ሰፊ ለስላሳ ፍሎፒ ላይ ነበር። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የሚቆርጠው ሪባን ፈለገ። ሪባን አልተገዛም። ዓይኑ ፍሎፒው ላይ አረፈ። መቀስ አመጡለትና መሐል ለመሐል ቆረጠው፣ ፎቶ ተነሳን። በፎቶው ላይ ከሁሉም በላይ ጥርሴን አውጥቼ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ፎቶው እስከ ዛሬ አለ፤ ማየት አልወድም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ሃያ ቆጣሪ መጣ። ከተማው በአንድ ቀን ሰማ። ሥራ አስኪያጁም ለግልጽነትና ለተጠያቂነት ሲል ዝርዝሩን ከአዲሱ ፕሮግራም አሳትሞ ሰኞ ጠዋት ከበሩ ላይ አስለጠፈ፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያዎች በሚቀጥለው ሰኞ፣ የዞን እንግዶች ባሉበት ቆጣሪያቸውን ይረከባሉ ተባለ።

እኔ ያን ጠዋት ትንሽ አርፍጄ ደረስኩ። በሩ ላይ ሰው ከበባ ሠርቷል። የደስታ ከበባ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ተጠጋሁ። አንድ ሰው «እንግዲህ ከመ በታች ያለን ሰዎች ውሃ አንጠጣም ማለት ነው?» ሲል ሰማሁ። ሌላው፣ አቶ ዘበርጋ መሆናቸው ነው፣ «አባቴ ዘበርጋ ብሎ ስም ሲያወጣልኝ ቧንቧ ይመጣል ብሎ መች አሰበ!» እያሉ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። አንድ፦ ሀብቴ ሳህሌ። ሁለት፦ ሀይሉ። ሦስት፦ ሂሩት። እንዲህ እያለ ይወርድና መቶ አርባ ሦስተኛዋ ፋጡማ ሽፋ።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። አንደኛው፣ ተራው እንደጠፋ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሀብቴ ሳህሌ የእናቴ ወንድም ናቸው። የተመዘገቡት ደግሞ ከአንድ ወር በፊት፣ ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ስማቸውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ሲጠግኑ ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኔ የእህታቸው ልጅ መሆኔንም ያውቃል። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ጮክ ሳይል፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አለ። ማንም አልሳቀም። የተሳደበ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን አስረዳሁት።

«ታዲያ ትክክለኛውን ተራ ከአሮጌው ላይ አውጣዋ!»

«ተሰርዟል።»

«ቅጂውስ?»

ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አየነው። እሱ ቀስ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ስማኝ» አለ በመጨረሻ፤ «የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አንተ ነህ። እስከ ሰኞ ትክክለኛው ተራ ካልተገኘ ጉዳዩ በኪራይ ሰብሳቢነት ነው የሚታየው። አንደኛ የወጣው ሰው የማን አጎት እንደሆነ ዞንም ያውቃል።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን ማለት እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሌባ ከመባል ይብሳል፤ ሌባ ታስሮ ይፈታል፣ ይህኛው ግን በየስብሰባው ላይ እንደ ምሳሌ ይነሳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ሳልበላ ልሻር ነው። ከዚያ ሰኞ እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ የቀረበልኝን እህል ሳልነካው እመልስ ነበር፤ አከራዬ ወባ ነው ብላ ሬት በጥብጣ አጠጣችኝ።

ማክሰኞ ወደ አጎቴ ሄድኩ። ስህተቱን ነግሬያቸው በፈቃዳቸው ወደ መጨረሻ እንዲወርዱ ልለምን ነው። ስደርስ ጋሼ ሀብቴ የግቢያቸውን አፈር እየቆፈሩ ነው፤ ቧንቧው የሚገባበትን። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከበላያቸው ቆመው «ትንሽ ወደ ግራ፣ ከማድቤቱ ጎን» እያሉ ያሠሯቸዋል። እትዬ አስካለ ለሃያ ዓመት ከቦኖ፣ ከሕዝብ ቧንቧው፣ ውሃ ሲያመላልሱ ወገባቸው ጎብጧል። ለቤቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የጎማው ሥራም ውሃ ይፈልጋል። ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ተነፍቶ ገንዳ ውስጥ ካልተነከረ ቀዳዳው አይታይም። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ከመቆሸሹ የተነሳ አረፋውን ለማየት ጋሼ ሀብቴ መነጽር ገዝተዋል።

እንዳዩኝ አካፋውን ጥለው አቀፉኝ። «የእህቴ ልጅ! እኔ አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁህም፤ አንተ ግን ሥጋህን አልረሳህም። ለእናትህ ደውዬ ነገርኳት፣ አለቀሰች።»

«ጋሼ፣ ስህተት ነው» አልኩ።

«የምን ስህተት? ኮምፒውተር ይሳሳታል እንዴ?»

«ኮምፒውተሩማ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ራስህን አርም፤ ኮምፒውተሩን ተወው!» አሉና ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። እትዬ አስካለ ግን አተኩረው አዩኝ። አስተያየታቸው ሲገባኝ ተሰናብቼ ወጣሁ፤ ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷቸዋል፣ ግን ሊገባቸው አልፈለጉም።

ረቡዕ በሌሊት... አይ፣ ጎህ ሲቀድ ልበል፣ ወደ ወልቂጤ ተሳፈርኩ። መምህር ተካ ማስተማሩን ትተው እዚያ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ከፍተዋል ተብዬ ነበር። መኪና እየቀየርኩ፣ በየኬላው ሊይዙኝ የመጡ ይመስል ፖሊስ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እየሰበርኩ ደረስኩ። መምህር ተካ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ከፍተው አገኘኋቸው። «የፕሮግራሙ ቅጂ አለዎት?» ብዬ ገና ጫማዬን ሳላራግፍ ጠየቅኩ።

«ፕሮግራሙስ ቢኖረኝ ስሞቹ ከየት ይመጣሉ? ስሞቹን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።»

ተቀመጥኩ። ዝርዝሩ በሀ ሁ ተደርድሮ ተራው እንደጠፋ ነገርኳቸው። «መምህር፣ ምነው ያን ጊዜ የቀን ማስገቢያ ቢያደርጉለት? ምነው አንድ ተራ ቁጥር ቢያደርጉለት?»

መምህር ተካ መበየጃቸውን አስቀመጡ። «ቁጥር አድርጌለት ነበር። ያኔ የነበረችው መዝጋቢ ቁጥሩ ሲሳሳትባት ተጨነቀች፣ አወጣሁላት። የቀደመ ከላይ ነው፣ ሕፃንም ያውቀዋል አልኳት። ማን ነው በሀ ሁ የደረደረው?»

«አንድ ልጅ ነው» አልኩ።

«የተማረ ልጅ መሆን አለበት» አሉ። ሻይ ጋበዙኝ። ስሄድ ግን በሩ ድረስ ሸኙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ተራ ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም የሚኖረው። ኮምፒውተሩ የጻፈው የተሰለፉት ሰዎች የነገሩትን ነው። ሰዎቹ አልተሰረዙም፤ እነሱን ጠይቅ።»

እኔም ሐሙስን ሙሉ ጠየቅሁ። እንዳትሞክሩት። ሠላሳ አንድ ሰው አነጋግሬ አሥራ አራት አንደኛ አገኘሁ። ሁለተኛ የሆነ አንድም ሰው የለም። አቶ ሀይሉ የሚባሉት ነጋዴማ «እኔ የተመዘገብኩት ቢሮው ከመከፈቱ በፊት ነው» አሉኝ፤ ምስክርም አቀረቡ። ከሰዓት በኋላ ላይ ተስፋ ቆርጬ፣ አፌ ደርቆ፣ ቦኖው ጋ ውሃ ልጠጣ ሄድኩ።

የቦኖው ጠባቂ እማማ ፋጡማ ሽፋ ናቸው። አዎ፣ መቶ አርባ ሦስተኛዋ። አጠገባቸው ስደርስ ማፈሬ አልቀረም። «አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ» አልኩ። ሰላምታዬን በሙሉ መልሰው በጣሳ ውሃ ሰጡኝ። ስጠጣ ከፊቴ የተሰለፈውን አየሁ። ጀሪካን ነው። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ፣ ጆሮው በሽቦ የታሰረ፣ ከቧንቧው ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ አንድ በአንድ ቆሟል። አጠገቡ ሰው የለም። ባለቤቶቹ ገበያ ናቸው፣ እርሻ ናቸው፣ ወፍጮ ቤት ናቸው።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ማን ይጠብቀዋል?»

«ማን ይነካዋል ብለህ ነው ልጄ?»

«አንዱ የራሱን አንስቶ ወደ ፊት ቢያስጠጋስ?»

«የሰው ጀሪካን አይነካም። የራስህን ማንሳት ትችላለህ፤ ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደ ፊት የለም። አንድ ሰው ሞክሮ ነበር።»

«ምን ሆነ?»

«አሁን እንሴኖ ከተማ ድረስ ወርዶ ነው የሚቀዳው።»

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ወላሂ ልክ እንደዚያ፣ ምን እንደማደርግ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ አንደኛ ነኝ ይላል። ጀሪካኑን ይዞ ጎረቤቶቹ ፊት ሲቆም ግን ሌላ ነው። «እማማ፣ ከዚህ በፊት በአሮጌው ላይ እርስዎ ስንተኛ ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ስለ ራሴ አልናገርም» አሉ። «አሁን ስንተኛ አደረግከኝ?»

«መጨረሻ።»

«አልሃምዱሊላህ፤ መጨረሻም ቢሆን አለሁበት ማለት ነው።» ይህን ሲሉኝ በሩ ላይ ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ አንጀቴን በላኝ። ቀኑን ሙሉ ለከተማው ውሃ ሲያስቀዱ የሚውሉ ሴት፣ ለቤታቸው ደግሞ ተሰልፈው ይቀዳሉ፤ ተራቸውን በቦታቸው ይጠብቃሉ እንጂ ቧንቧው በእጄ ነው ብለው አይቀድሙም።

ሥራ አስኪያጁን ማሳመን ከባድ ነበር። «ይህ በየትኛው የለውጥ መሣሪያ ውስጥ ነው ያለው?» አለኝ። «የሕዝብ ተሳትፎ» አልኩት። ተስማማ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቦኖው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ መቶ አርባ ሦስት ሰው መቶ አርባ ሦስት ጀሪካን ይዞ መጣ። ሊያይ የመጣው ሰው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በእጄ ያለው ዝርዝር ያ የተረገመው የሀ ሁ ዝርዝር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ በእሱ አሰለፍናቸው። የጋሼ ሀብቴ ሰማያዊ ጀሪካን ከፊት፣ የእማማ ፋጡማ ቢጫ ጀሪካን ከመጨረሻ። እማማ ፋጡማ ሕጉን ተናገሩ፦ የሰው ዕቃ አይነካም፤ ስለ ራሱ ቦታ ማንም አይናገርም፤ ከእኔ የቀደመ ሰው ከኋላዬ አለ የሚል የራሱን አንስቶ ከዚያ ሰው ኋላ ያስቀምጣል። ወደ ፊት የለም። «ቢስሚላህ፣ ጀምሩ» አሉና ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ማንም አልጀመረም።

መቶ አርባ ሦስት ሰው የጎረቤቱን ጀሪካን ያያል። የእያንዳንዱ ሐሳብ ይታየኛል፤ እኔ ብነሳና ሌላው ባይነሳ ሞኝ እባላለሁ ነው የሚለው። አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ በልቤ ወደ እስር ቤት የምወስደውን ልብስ መምረጥ ጀመርኩ፤ ቡናማው ሹራብ ይሞቃል፣ ግን ክርኑ ተቀዷል። ጋሼ ሀብቴ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው ከጀሪካናቸው አጠገብ ቆመዋል። ዛሬ ካልተነሱ ከነገ ወዲያ ቧንቧቸው ይገባል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል። እትዬ አስካለ ከተመልካቹ መሐል ሆነው ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ አልነቀሉም። ወንጌሉ ላይ ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ ሲባል ደስ ይለኝ ነበር፤ በአጎቴ ላይ ሲደርስ ግን ይህን ያህል ሥጋ የሚያሳምም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ልለምናቸው አልችልም፣ ሕጉ ይከለክላል። ደግሞስ በምን አፌ?

ጋሼ ሀብቴ ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አነሱ። ባዶ ነው፤ እሳቸው ግን ያነሱት የሞላ ያህል ነው። በሰልፉ ጎን መሄድ ጀመሩ። ሁለተኛውን አለፉ። አሥረኛውን አለፉ። ሃያኛው ላይ፣ ቆጣሪው የሚያልቅበት ላይ፣ ትንሽ የቆሙ መሰለኝ፤ ወይም ልቤ ነው የቆመው። አለፉት። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። እስከ መጨረሻው ሄዱና ከእማማ ፋጡማ ጀሪካን ኋላ አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ሁላችሁም ከእኔ ትቀድማላችሁ» አሉ። እንደገና እጃቸውን አጣመሩ።

ከዚያ በኋላ ሜዳው እንዴት እንደሆነ ለመናገር ይቸግረኛል። አንድ ሴት ብድግ አለች። ከዚያ ሦስት ሰው። ከዚያ ሁሉም። ጀሪካን ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አራተኛ ቦታ ላይ ድርቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ በቅርቡ የተመዘገበ ነው። ሰዎች ዝም ብለው ጀሪካኑን ያዩ ጀመር፤ እሱን አይደለም፣ ጀሪካኑን። መጀመሪያ ፉጨት ሞከረ። ፉጨቱ አልወጣለት ሲል አንስቶ ሄደ። አቶ ሀይሉም፣ ቢሮው ሳይከፈት ተመዘገብኩ ያሉት፣ ከነምስክራቸው ወደ ዘጠናኛ ወረዱ።

ችግር የገጠመን ከአቶ ዘበርጋና ከአቶ ጀማል ጋር ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ጋሪ መጥተው በአንድ ቀን የተመዘገቡ ናቸው። አቶ ዘበርጋ ጀሪካናቸውን ከአቶ ጀማል ኋላ አስቀመጡ። አቶ ጀማል «ኧረ በአላህ! ከጋሪው ቀድመህ የወረድከው አንተ ነህ» ብለው የራሳቸውን ከአቶ ዘበርጋ ኋላ ወሰዱ። «በሞቴ አንተ ነህ የቀደምከው፣ እኔ የጋሪውን ልጅ እያነጋገርኩ ነበር» ብለው አቶ ዘበርጋ እንደገና። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ሰው አልፈው ወደ ኋላ ወረዱ። በሙያችን ይህ ማቆሚያ የሌለው ዙር ይባላል፤ ማሽን ሲገባበት ከሶኬቱ ይነቀላል። ሁለቱን ግን ከምን ይነቅሏቸዋል? እማማ ፋጡማ ከጥላቸው ተነስተው «ወደ ቦታችሁ ተመለሱና ጎን ለጎን አድርጉት» አሉ።

«እማማ፣ አዲሱ ፕሮግራም ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር አይቀበልም» አልኩ።

«ታዲያ ምኑ ዘመናዊ ሆነ?» አሉኝ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ እንቅስቃሴው ቆመ። ማንም የሚያነሳ ጠፋ። ከፊት ጀምሬ ስም ልጽፍ ስሄድ አንደኛ ቆማ ያገኘኋት ያቺ ቢጫ ጀሪካን ናት። እማማ ፋጡማ ጠዋት ካስቀመጧት በኋላ አንድም ጊዜ አልነኳትም፤ ከተማው ሁሉ አንድ በአንድ እያለፈ ከኋላዋ ተሰልፎ ነው። ስማቸውን ከሁሉም አናት ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ሰኞ ቆጣሪው ታደለ። የዞን እንግዶች አጨበጨቡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ በዚህ ጊዜ በትክክል የተገዛ ሪባን። ሥራ አስኪያጁ «የነባር ሲስተም ሽግግሩ መቶ በመቶ ተሳክቷል» ብሎ ሪፖርት አቀረበ፤ በኋላም ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ከሌላ ወረዳ ሊጎበኙን መጡ። የጎበኙት ሰማያዊና ቢጫውን ፕሮግራም ነው። ትክክለኛው ተራ ግን በእጅ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ግድግዳ ላይ ነበር የተለጠፈው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ በከፈትኩት ቁጥር ወደ ሀ ሁው ይመለሳል።

ኪራይ ሰብሳቢ ከመባል ዳንኩ። ቆጣሪው በታደለበት ሰኞ ከምሳ በኋላ ላመሰግን ወደ ጋሼ ሀብቴ ሄድኩ። ጉድጓዱ ተደፍኖ ጎመን ተተክሎበታል። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ተቀበሉኝና፣ ሰላም ሳይሉኝ፣ ባዶ ጀሪካን አስያዙኝ። «ቆጣሪው እኛ ጋ እስኪደርስ አንተ ነህ የምትቀዳው» አሉ። ተራቸው መቶ አርባ ሦስተኛ ነው። እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ጋሼ ሀብቴ ያን ጥቁር የሆነ የገንዳ ውሃ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በመነጽራቸው አረፋ ይፈልጋሉ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ለእኔ ብለው ያደረጉት...»

«ለአንተ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «መቶ አርባ ሁለት ሰው ጀርባዬን ሲያየኝ ጊዜ ኮቱ አሳከከኝ።»

ከመነዳሪውን አገላብጠው እንደገና ነከሩት። ትንሽ ቆይተው ወደ ቤቱ በር አየት አደረጉ፤ እትዬ አስካለ አለመስማታቸውን ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ኮምፒውተሩ ላይስ አሁን ስንተኛ ነኝ?»

«እዚያማ አንደኛ ነዎት። እንቢ ብሎኛል፣ ግን ባለሙያ አስመጥቼ አስተካክለዋለሁ።»

«ተወው» አሉ። «እዚያ እንኳን አትንካኝ።»